አውቶቡስ መቁጠር ትታችሁ ምልልሱን ቁጠሩልን

ይድረስ ለክቡር አዘጋጁ፣

ከተማን ከአጎራባች ከተሞችና ከገጠር ስለሚያገናኘው የሕዝብ አውቶቡስ በጋዜጣችሁ የሚወጡ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከአንድ ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል አውቶቡስ ተገዛ። ፎቶው አዲስ መኪኖች በሰልፍ ቆመው ያሳያል። የተሳፋሪው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በስንት ደቂቃ ልዩነት ይመጣል? በተባለው ሰዓት ይደርሳል ወይ? የማታው የመጨረሻ ስንት ሰዓት ይነሣል? የግዢው ቁጥር ለእነዚህ አንድም መልስ የለውም። የሥምሪት ሰው ይህን ስለሚያውቅ ዘገባውን አንብቦ ያልፋል፤ አንባቢው ግን ይህ ሁሉ ተገዝቶ ለምን እንደምንጠብቅ ግራ ይገባዋል። ስሌቱ ከባድ ስላልሆነ እዚሁ ላስቀምጠው።

አንድ መስመር ስንት አውቶቡስ እንደሚፈልግ የሚወስነው የምልልስ ጊዜው ነው። ምልልስ ስንል አውቶቡሱ ከመነሻው ወጥቶ፣ ጫፍ ደርሶ፣ ተመልሶ፣ ዳግም ለመነሣት እስኪሰናዳ ያለውን ጊዜ ሁሉ ነው። መሄጃው 50 ደቂቃ፣ መመለሻውም 50 ደቂቃ የሆነ መስመር እንውሰድ። በየጫፉ 10 ደቂቃ ቆይታ ሲጨመርበት ምልልሱ 120 ደቂቃ ይሆናል። በየ15 ደቂቃው እንዲነሣ ከተፈለገ 120ን ለ15 አካፍሉት፤ 8 አውቶቡስ። በየ10 ደቂቃው ከሆነ 12። አሁን መንገዱ ተጨናንቆ አንዱ ጉዞ 65 ደቂቃ መፍጀት ጀመረ እንበል። ምልልሱ 150 ደቂቃ ገባ። ያንኑ የ15 ደቂቃ ልዩነት ለመያዝ 10 አውቶቡስ ያስፈልጋል፤ 8ቱ ብቻ ካሉ ልዩነቱ ወደ 19 ደቂቃ ይሰፋል። በዚህ መስመር ላይ 2 አዲስ አውቶቡስ ገባ ተብሎ ቢዘገብ ወሬው እውነት ነው፤ ተሳፋሪው ግን ያተረፈው አንድ ደቂቃ የለም። ሁለቱም የገቡት መጨናነቁ የወሰደውን ለመተካት ነው።

ተጠባባቂም አለ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት 10 አውቶቡስ መንገድ ላይ እንዲሆን የፈለገ ድርጅት 10 ብቻ ገዝቶ አይሆንለትም፤ አንዱ ሰርቪስ ላይ ነው፣ አንዱ መለዋወጫ ይጠብቃል። በተለምዶ ከሚሰማራው ቁጥር ከ10 እስከ 20 በመቶ ተጠባባቂ ይያዛል። መኪኖቹ አንድ ሞዴል ከሆኑ በዝቅተኛው ያዘልቃል። ከአራት አምስት ፋብሪካ የተሰበሰቡ ከሆኑ 20 በመቶውም ላይበቃ ይችላል፤ የአንዱ የፍሬን ሸራ ለሌላው አይገባምና። ስለ ግዢ ስትጽፉ መጠየቅ ያለበት አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ አዲሶቹ ድርጅቱ ካሉት መኪኖች ጋር መለዋወጫ ይጋራሉ ወይስ ሌላ ዕቃ ቤት ይከፍታሉ?

የጫፍ ቆይታውን ብዙ አለቆች እንደ ሥራ መፍታት ያዩታል። ‘10 ደቂቃ ቆሞ ምን ይሠራል?’ ይባልና ወደ 3 ደቂቃ ይወርዳል፤ በወረቀት ላይ አንድ አውቶቡስ ተረፈ። ያ ቆይታ የሾፌሩ ዕረፍት ብቻ አይደለም፤ መዘግየት የሚጠፋበት ቦታ ነው። 7 ደቂቃ ዘግይቶ የገባ አውቶቡስ 10 ደቂቃ ቆይታ ካለው በሰዓቱ ይነሣል። 3 ደቂቃ ብቻ ካለው 4 ደቂቃ ዘግይቶ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ምልልስ ደግሞ በላዩ ይጨምራል። ከዚያ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አንድም ሳይመጣ ይቆይና ሁለት ተከታትለው ከች ይላሉ። ሰው ይህን የሾፌሮች ተንኮል አድርጎ ያየዋል። የዘገየው አውቶቡስ በየፌርማታው የሚያገኘው ሰው በመዘግየቱ ልክ በዝቶ ይጠብቀዋል፤ ያንን እየጫነ ይበልጥ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ቀድሞ የተለቀመ ፌርማታ ስለሚያገኝ ባዶውን ይሮጥና ይደርስበታል። ከሾፌሮቹ አንዳቸውም ምንም ሳያጠፉ ይህ ይሆናል። መድኃኒቱ መስመሩ መሐል ላይ የሰዓት መቆጣጠሪያ ፌርማታ ማበጀት፣ ቀድሞ የደረሰውን እዚያ ማቆየት፣ በየጫፉም በቂ ቆይታ መተው ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ይታይ። በየ15 ደቂቃው እኩል የሚመጣ አውቶቡስ ተሳፋሪውን በአማካይ 7 ደቂቃ ተኩል ያስጠብቀዋል። እነዚያው አውቶቡሶች በ5 እና በ25 ደቂቃ እየተፈራረቁ ቢመጡ በሰዓት 4 መሆናቸው አልተለወጠም፤ አማካይ ጥበቃው ግን 11 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ከ6 ሰው 5ቱ ፌርማታ የሚደርሱት በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው። ሪፖርቱ ግን ‘በሰዓት 4 ጉዞ’ ይላል፤ አልዋሸም።

ነገሩ ከጥንትም እንዲህ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ሒሳብ አዋቂው ብሌዝ ፓስካል በማርች 18 ቀን 1662 በፓሪስ ያስጀመረው ባለ 8 መቀመጫ የፈረስ ጋሪ አዲስ ያደረገው ጋሪው አልነበረም። አዲሱ ነገር ሰው ሞላ አልሞላ በተወሰነ መስመር፣ በተወሰነ ሰዓት መነሣቱ ነው። የፓሪስ ፓርላማ (ያኔ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር) ወታደሮች፣ አሽከሮችና የጉልበት ሠራተኞች እንዳይሳፈሩ ከለከለ፤ አገልግሎቱም ውሎ አድሮ ቀረ። አሳቡ እንደገና የተነሣው በ1826 ስታኒስላስ ቦድሪ በፈረንሳይዋ ናንት፣ በ1829 ደግሞ ጆርጅ ሺሊቢር በለንደን ‘ኦምኒባስ’ የተባለውን ብዙ ሰው የሚጭን የፈረስ ጋሪ ሲያሰማሩ ነው። በሞተር የሚሠራው የመጀመሪያው የአውቶቡስ መስመር ደግሞ፣ እንደ አጋጣሚ በማርች 18 ቀን፣ በ1895 ተከፈተ። የተከፈተው በትልቅ ከተማ ውስጥ ሳይሆን በጀርመን የሲገንን ከተማ ከኔትፈንና ከዶይትስ በሚያገናኝ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የገጠር መንገድ ላይ ነበር። መኪናው የካርል ቤንዝ ሥራ፣ ባለ 5 የፈረስ ጉልበት ሲሆን መንገዱን ለመጨረስ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ዳገቱና የመንገዱ ክፋት መኪናውን እየሰበሩት አገልግሎቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቆመ። የአካባቢ አውቶቡስ ገና ሲጀመርም የገደለው የመኪና ቁጥር ማነስ እንዳልነበረ ልብ ይባልልኝ።

የገጠሩን መስመር በትክክል የሠሩት፣ በእኔ ፍርድ፣ ስዊሶች ናቸው። የፖስታ አውቶቡሳቸው በ1906 ከበርን ወደ ዴትሊገን ሥራ ጀመረ። ትልቁ ዕርምጃ ግን በ1982 የመጣው የጊዜ ሰሌዳ ነው፤ በየሰዓቱ በዚያችው ደቂቃ መነሣት። ባቡሩም አውቶቡሱም ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጣቢያ ይገባሉ፣ ተሳፋሪ ይለዋወጣሉ፣ ሰዓቱ ሞልቶ ጥቂት ሲያልፍ ይወጣሉ። አውቶቡስ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ በሚመጣበት አገር አንዱን ለ2 ደቂቃ የሳተ ሰው 58 ደቂቃ ይቆማል። ስለዚህ መስመር ዘርጊው መጀመሪያ የሚያስተካክለው መገናኛውን ነው።

ይህ አሠራር አንድ የሚያስቸግር ሕግ አለው፤ ጉዞው በሰዓቱ ውስጥ መግባት አለበት። መሄጃው 54 ደቂቃ፣ ቆይታው 6 ደቂቃ ከሆነ ምልልሱ ልክ 120 ደቂቃ ነው፤ በ2 አውቶቡስ በየሰዓቱ ይሠራል። አሁን ከዋናው መንገድ ገባ ያለ መንደር አቤት አለ፤ ‘እኛጋም ግቡ፣ 4 ደቂቃ ናት።’ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጉዞው 58፣ ምልልሱ 128 ደቂቃ ይሆናል። 128 ደቂቃ በ2 አውቶቡስ በየሰዓቱ ስለማይሸፈን ሦስተኛ አውቶቡስ ይገባል፤ ያም በየምልልሱ 52 ደቂቃ የሚባክን ጊዜ ይዞ ይመጣል። ሾፌርም ይፈልጋል። በቀን 16 ሰዓት የሚሠራ አንድ አውቶቡስ 2 ፈረቃ፣ በሳምንት 14 ፈረቃ ነው። አንድ ሾፌር በሳምንት 5 ፈረቃ ቢሠራ 2.8 ይመጣል፤ ፈቃድና ሕመም ሲታሰብ ከ3 አያንስም። በ4 ደቂቃ የተነሣ አንድ አውቶቡስና 3 ሾፌር። ይህን ላለመክፈል አለቆቹ ቆይታውን ከ6 ወደ 2 ደቂቃ ያወርዱትና መስመሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይበላሻል።

መውጫ የለውም ማለት አይደለም። አንድ ፌርማታ ፍሬን መያዙ፣ በር መክፈቱና ዳግም ፍጥነት መያዙ ተደምሮ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይበላል። እጅግ ከተቀራረቡት ፌርማታዎች 10ሩ ከአጠገባቸው ጋር ቢጣመሩ 4 ደቂቃው ይመለሳል፤ መንደሩም አውቶቡስ ያገኛል። ርቀቱ ሲሰፋ የሚጎዱት ሽማግሌዎችና አካል ጉዳተኞች ስለሆኑ በየትኛው ፌርማታ እነማን እንደሚወርዱ ሳይታይ አይቆረጥም።

ሌላው የሚሰረቀው ጊዜ በር ላይ ነው። ሾፌሩ ገንዘብ እየተቀበለ መልስ ሲሰጥ ለአንድ ሰው 4 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ 30 ሰው በአንድ በር ሲገባ 2 ደቂቃ አለቀ። ትኬቱ አስቀድሞ ተቆርጦ በ2 በር ቢገቡ፣ ለአንዱ 2 ሴኮንድ ቢወስድ፣ በግማሽ ደቂቃ ያልቃል። የብራዚሏ ኩሪቲባ በ1974 የአውቶቡስ ብቻ የሆነ መንገድ ከከፈተች በኋላ በ1991 የቱቦ ቅርጽ ያላቸው ፌርማታዎች የሠራችው ለዚህ ነው። ሰው ሒሳቡን ፌርማታው ላይ ከፍሎ፣ ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ከፍታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ በሩ ሲከፈት ደረጃ ሳይወጣ ይገባል። ለገጠር መስመር ያን ያህል ግንባታ አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው በሚሳፈርበት ዋና ተርሚናል ላይ ትኬት አስቀድሞ መሸጥ ብቻውን ይበቃል።

ስለ ትኬት ካነሣን አይቀር፣ መስመር ሲቀየር እንደገና ትኬት የመቁረጥ ጣጣውም አለ። የጀርመኗ ሐምቡርግ በ1965 የተለያዩ ድርጅቶችን በአንድ ማኅበር አሰባስባ ባቡሩም አውቶቡሱም በአንድ ታሪፍ እንዲሠራ መንገድ ከፈተች። ብሪታኒያ በተቃራኒው ከለንደን ውጭ ያለውን አውቶቡስ በኦክቶበር 1986 ለነፃ ውድድር ለቀቀችው። የእንግሊዟ ታላቋ ማንቸስተር መስመሮቿን መልሳ በሕዝብ ቁጥጥር ሥር ያስገባችው ከሴፕቴምበር 2023 እስከ ጃንዋሪ 2025 በሦስት ዙር ነው። ተወዳዳሪ ድርጅቶች ሰው የሚበዛበትን ሰዓት ይሻማሉ፤ የማታውንና የእሑዱን መስመር የሚሻማ የለም።

ወደ ጋራዡ ልግባ፤ የቀረ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነውና። የኋላ ጎማዎች ድርብ ናቸው። የውስጠኛው ሲተነፍስ ከውጭ አይታይም፤ ሸክሙን ሁሉ የውጪው ይይዝና ይግላል፣ ከዚያ መንገድ ላይ ይፈነዳል። ጠዋት በርግጫ መታ መታ አድርጎ ማለፍ አይበቃም፤ የውስጠኛው ንፋስ በመለኪያ መታየት አለበት። ጎማ የተቀየረለት መኪና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳዶው እንደገና በልኩ መጥበቅ ይኖርበታል፤ ቸርኬው ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ይላላል። በንፋስ የሚሠራ ፍሬን ደግሞ ጋኑ ውስጥ ውኃ ያጠራቅማል። የንፋሱ ማድረቂያ ሲያረጅ ውኃው ወደ ቫልቮቹ ይሄዳል፣ ያዝጋቸዋል፣ በብርድ ቦታም በረዶ ይሠራል። የጋኑን ማፍሰሻ ከፍቶ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ውኃ ወይም ዘይት ከወጣ መኪናው ለምርመራ ይግባ። ረጅም ቁልቁለት ያለው መስመር ላይ የሞተር ፍሬኑ ወይም ሪታርደሩ (የፍሬን ሸራ ሳይነካ መኪናውን የሚያዘገየው መሣሪያ) የማይሠራ አውቶቡስ ማሰማራት ፍሬኑን አቃጥሎ ሸራውን ከጊዜው በፊት ይጨርሰዋል፤ ከዚያ የከፋም ያመጣል። ምሽት ላይ ሾፌሩ የሚሞላው የብልሽት ቅጽ ጠዋት ተረኛ መካኒክ እጅ ካልደረሰ ይህ ሁሉ ዕውቀት ከንቱ ነው። ብዙ ቦታ የሚጠፋውም ይኸው ወረቀት ነው።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጁ፣ ዘጋቢዎቻችሁ የግዢ ሥነ ሥርዓት ላይ ሲገኙ ለእያንዳንዱ መስመር በወሩ ስንት ምልልስ ታቅዶ ስንቱ እንደተካሄደ፣ ያልተካሄደውም በብልሽት፣ በሾፌር እጥረት ወይስ በመንገድ መዘጋት እንደቀረ ይጠይቁ። ሥርዓት ያለው የሥምሪት ክፍል ይህን ለይቶ ይመዘግባል፤ ቁጥሩ የለም ከተባለ ያም ራሱ ዜና ነው። በተጨማሪ አንድ ሰው መስመሩ መሐል ባለ ፌርማታ ለ2 ሰዓት አቁሙ፤ መነሻው ላይ ሳይሆን መሐል ላይ፣ መነሻው ላይ ሁሉም ደህና ይመስላልና። እያንዳንዱ አውቶቡስ የመጣበትን ደቂቃ ይመዝግብ። በመካከላቸው ያሉትን ክፍተቶች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ ይደምር፤ ድምሩን ለክፍተቶቹ ጠቅላላ ደቂቃ እጥፍ ያካፍለው። የሚያገኘው ተሳፋሪው በአማካይ የጠበቀው ደቂቃ ነው። እሱን ከተለጠፈው የጊዜ ሰሌዳ ጎን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአውቶቡስ ሥምሪት ባለሙያ