ለአንድ ሰውም ድስት ይጣዳል

ውድ አባባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ትንሿ ልጄ «አያቴ መቼ ይመጣሉ?» ማለቷን አላቆመችም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ የጻፍኩልዎ በምክንያት ነው። በስልክ ስለ ምግብ ባነሣሁ ቁጥር «በልቻለሁ፣ አታስብ» ይሉኝና ወሬውን ወደ እኔ ሥራ ያዞሩታል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይዞርም። ደግሞም ይህን ወረቀት ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፈውት፣ መነጽርዎን አድርገው እያዩ እንዲሠሩበት እፈልጋለሁ።

ባለፈው ወር ሳልነግርዎ የመጣሁ ዕለት ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ጠረጴዛው ላይ የቀዘቀዘ ሻይ ነበር፤ አጠገቡ ዳርና ዳሩ የደረቀ ቁራሽ ዳቦ። ምሳዎ እሱ ነበር። ውኃ ልጠጣ ወጥ ቤት ስገባ የእማዬ ድስት መደርደሪያው ላይ እንደተደፋ አገኘሁት። ብድግ ሳደርገው ከሥሩ የነበረው እንጨት ንጹሕ ክብ ሆኖ ቀረ፤ ዙሪያው በሙሉ አቧራ ነው። እማዬ ካረፈች ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያን ድስት ማንም አላነሣውም ማለት ነው። ስጠይቅዎ ምን አሉኝ? «ለአንድ ሰው ድስት አይጣድም።»

አባባ፣ ይህን ቃል ልቀበለው አልቻልኩም። እርስዎ በሕይወትዎ ሙሉ ለሌላው ሰው ሲደክሙ ኖረዋል፤ አሁን አንድ ሰው ብቻ ቀረ፣ ያም ሰው እርስዎ ነዎት። ለእርስዎ ድስት ካልተጣደ ለማን ይጣዳል?

ሥራው ከባድ እንዳይመስልዎ። እኔም ብቻዬን ተከራይቼ ስኖር አንዲት ድስትና አንድ ማማሰያ ብቻ ነበረችኝ፤ ለሁለት ዓመት ያህል ከአትክልትና ከጥራጥሬ በቀር ሌላ ነገር አብስዬ አላውቅም። እጄ ላይ የቀረው ትልቁ ዕውቀት ሦስትና አራት ነገር ብቻ የሚገባበት ምግብ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ለእርስዎም የሚስማማው እንዲህ ያለው ነው፤ ሐኪሙ ቅባት ይቀንሱ ብሎዎታል፤ ሥጋ ማላመጥም ጥርስዎን አስቸግሮታል።

ከምስር ክክ ሾርባ እንጀምር። የሚያስፈልግዎ ምስር ክክ፣ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጨውና ሎሚ ነው። ክኩን የመረጥኩልዎ መዘፍዘፍ ስለማይፈልግ ነው። ቅርፊቱ ተገፎ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ ውኃ ቶሎ ይገባዋል፤ በ20 ደቂቃ ገደማ ፈራርሶ ሾርባ ይሆናል። ግማሽ ኩባያ ክክ ሰሃን ላይ ዘርግተው፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ይልቀሙት፤ አልፎ አልፎ ጠጠር አያጣም፣ ለጥርስዎ ደግሞ አንድ ጠጠር ይበቃዋል። ከዚያ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግመው ይጠቡት።

ሽንኩርቱን አድቅቀው ይክተፉ። ድስቱን መጠነኛ እሳት ላይ ይጣዱና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያድርጉበት፤ ዘይቱ ሲሞቅ ሽንኩርቱን ይጨምሩ። እዚህ ላይ የምፈልገው ዓይንዎን ሳይሆን ጆሮዎን ነው። አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ፣ የታመመውን ሰዓት ገና ሳይከፍቱት በድምፁ ብቻ ሲለዩት አይቻለሁ። ሽንኩርትም እንደዚያ ነው። ድስቱ ውስጥ እንደገባ ይንጫጫል፤ በውስጡ ያለው ውኃ ሲወጣ የሚሰማ ድምፅ ነው። ጥቂት ቆይቶ ይረግባል፣ ይለዝባል። ውኃው ሊያልቅ ነው፤ ወርቃማ መልክና ጣፋጭነት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ድምፁ ደርቆ ቻር ቻር ማለት ከጀመረ ግን ሊያር ነውና አንድ ማንኪያ ውኃ ጠብ ያድርጉበት። እንዲህ እያዳመጡ 10 ደቂቃ ያህል ያቁላሉት። እባክዎ ይህችን 10 ደቂቃ አይቀንሱባት። ብዙ ቅመም ባለበት ድስት አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ ሦስት ነገር ብቻ ባለበት ግን የሚሸፍን የለም፤ ሽንኩርቱ ጥሬ ከቀረ ሾርባው ጥሬ ነው።

ክኩን ከሁለት ኩባያ ተኩል ውኃ ጋር ይጨምሩበት። ሲፈላ ነጭ አረፋ ይወጣል፤ በማንኪያ ገፈው ይድፉት። ክዳኑን ገርበብ ያድርጉት፤ ድፍን ብሎ ከተከደነ ይገነፍላል። እሳቱን ቀንሰው ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ውኃው እየተነነ ሲሄድ ጨዋማነቱ ስለሚጨምር መጀመሪያ የጣሉት ልክ መጨረሻ ላይ ይበዛብዎታል። ከእሳት ካወረዱት በኋላ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይጭመቁበትና ይቅመሱ።

ሎሚውን አይተዉት። ዕድሜ ሲገፋ ምላስና አፍንጫ እንደ ድሮው ጣዕምና ሽታ አይለዩም፤ «ምግቡ ሁሉ ጨው የለውም» የሚሉኝ ለዚህ ይመስለኛል። ያኔ እጅ ወደ ጨው ይሄዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል፤ ይህም አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አትሞላም። የሎሚ ኮምጣጣነት ጨው ሳይበዛ ጣዕሙን ያነቃዋል። ሌላም ጥቅም አለው፤ በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው የሎሚው ቫይታሚን ሲ ይረዳል። ሻይ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ስለዚህ ሻይዎን ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቢጠጡት ይሻላል። ሻይ ይተዉ አላልኩም፤ እንደማይተዉት አውቃለሁ።

«ጥራጥሬ ምን ጉልበት ይሰጣል?» እንዳይሉኝ ይህንንም ልጨምር። በአረጋውያን አመጋገብ ላይ የሠሩ የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ምክር፣ ዕድሜው ከ65 በላይ የሆነ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። እርስዎ 60 ኪሎ ነዎት፤ ስለዚህ ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። ምክንያቱም በእርጅና ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ደረጃ ሲወጡ እግርዎ የሚከዳዎት አንዱ በዚህ ሊሆን ይችላል። ያ ግማሽ ኩባያ ክክ ሲደርቅ 100 ግራም ገደማ ስለሆነ ወደ 24 ግራም ፕሮቲን ይሰጥዎታል። ሻይ ምንም አይሰጥዎትም፤ አንዲት ቁራሽ ዳቦም ቢበዛ ሦስት ግራም ያህል ናት።

ምስሩ ሲለመድ ወደ ቦሎቄ ይለፉ። ቦሎቄ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት፣ በቃ። ማታ ከመተኛትዎ በፊት በብዙ ውኃ ይዘፍዝፉት፤ ጠዋት እጥፍ ሆኖ ያገኙታል። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍተው በአዲስ ውኃ ይቀቅሉት። ቀዩ ቦሎቄ ላይ አጥብቄ የማሳስብዎ ነገር አለ፤ በጥሬው ሆድ ክፉኛ የሚያውክ ሌክቲን የሚባል ነገር ስላለው መጀመሪያ ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል እየተፍለቀለቀ መፍላት አለበት። በለዘብተኛ እሳት ብቻ እንዲለሰልስ መተው አይበቃም። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሰው፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት እንደ ቅቤ እስኪላላ ይጠብቁት። ቲማቲሙን ቦሎቄው ሳይበስል አያስገቡት፤ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ልጡ ይጠነክርና ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ አይለሰልስም። ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ድስት አበላሽቼ በራብ የተኛሁበትን ሌሊት አስታውሳለሁ።

ቦሎቄው የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ድፍን ምስርና ሩዝ በአንድ ድስት ይሞክሩ። ምስሩን ለብቻው 15 ደቂቃ ያህል አፍልተው፣ ሩዙን ጨምረው፣ ውኃው እስኪመጠጥ በትንሽ እሳት ይክደኑት፤ በደንብ የቀላ ሽንኩርት ከላዩ ይጣሉበት። የሩዙ ፕሮቲን የሚጎድለውን የምስሩ ይሞላዋል። የተረፈውን ሩዝ ግን ድስቱ ውስጥ አያሳድሩት። ሲሞቅ የማይሞት ተህዋሲ በውስጡ ሊያድግ ስለሚችል ቶሎ አቀዝቅዘው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት፤ በማግስቱም ይጨርሱት። የምስሩ ሾርባ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ እጥፍ አድርገው ቢሠሩ ድካሙ የአንድ ቀን፣ ምሳው የሁለት ቀን ይሆናል።

ስንፍና የያዘዎት ቀን ድንችና ጥቅል ጎመን ይበቃል። ሁለቱንም ቆራርጠው፣ ትንሽ ዘይትና ግማሽ ኩባያ ውኃ አድርገው ይክደኑ፤ ጎመኑ የራሱን ውኃ ያወጣል። አረንጓዴ የሆነ ድንች አይጠቀሙ። ለቁርስ ደግሞ አጃ በውኃ አብስለው ሙዝና የተፈጨ ኦቾሎኒ ቢጨምሩበት ማላመጥም አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን በምግብ ብቻ የሚፈታ አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 በአትክልትና በጥራጥሬ ውስጥ የለም፤ በእርጅና ደግሞ ሆድ ከምግብ የሚወስደው ይቀንሳል። ሲጎድል የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ መርሳትና የደም ማነስ ያመጣል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ለሐኪሙ ይንገሩትና በደም ምርመራ ይታይልዎ። የሚወስዱትን መድኃኒትም ያሳዩት፤ ደም ለማቅጠን የሚሰጥ መድኃኒት ከጎመን ጋር የሚያያዝበት ጊዜ አለ።

እሳት ጥደው እንዳይረሱ ፈርቼ ነበር። በኋላ መሳቢያዎ ውስጥ ያስቀመጧት ያቺ ሰማያዊ ባለ ደወል ሰዓት ትዝ አለችኝ፤ ሠርተው ሠርተው ባለቤቷ ሳይወስዳት የቀረችው። ወጥ ቤት ውስጥ ያስቀምጧት። ክኩን ሲጨምሩ ለ20 ደቂቃ ይሙሏት።

እማዬን ይህን ሁሉ ሳልጠይቃት ማለፏ ይቆጨኛል። አንድ ቀን ብቻ፣ እጇን እያየሁ ሽንኩርት ስታቁላላ አጠገቧ ቆሜ ነበር። «አትቸኩልበት፣ ራሱ ይነግርሃል» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ድስቷን ሲያነሡ እጅዎ ቢንቀጠቀጥ፣ ዕንባም ቢመጣ ይምጣ፤ አጥበው ይጣዱት። ተደፍቶ ከሚቀር ምስር ቢፈላበት እሷም ደስ የሚላት ይመስለኛል።

የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ። እንደ ሌላው ጊዜ የበሰለ ምግብ ይዤ አልመጣም፤ ሳልበላ ነው ከቤት የምወጣው። ክኩን ለቅመው ይጠብቁኝ፤ ሎሚውን እኔ እይዛለሁ።

የሚወድዎት ልጅዎ