የጀልባ ሞተር ቻርጅ በቮልት ብቻ አይለካም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጀልባ ሞተር ያወጣችሁት ጽሁፍ አሪፍ ነው ግን ሞተሩ ባትሪውን ቻርጅ ያረጋል አያረግም የሚለውን በቮልት ብቻ መጨረሳችሁ አልተዋጠልኝም። 12.6 ቮልት የነበረው ባትሪ ሞተሩ ሲነሳ ወደ 14 ከወጣ ቻርጅ እየገባ ነው፣ እሺ፣ ስንት አምፔር እንደሚገባ ግን አይነግራችሁም። ለሱ ክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ የሚያልፍበትን ጅረት የሚለካ መሳሪያ) ከሞተሩ ወደ ባትሪው በሚሄደው የቻርጅ ገመድ ላይ ማቀፍ ነው (ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ኤሲ፣ ማለትም የቤት መብራቱን ዓይነት ጅረት ብቻ ነው የሚለኩት፣ ዲሲ፣ የባትሪውን ዓይነት የሚለካ ይሁን)። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ደሞ ትንሽ ነው የሚቀበለው፣ ሞተሩን በከንቱ ታሙታላችሁ፣ ስለዚህ ትንሽ የወረደ ባትሪ ይሁንና ሞተሩም በሚኒሞ ሳይሆን ዙሩ ከፍ ብሎ ይለካ፣ ማኑዋሉ ላይ ያለው አምፔር የከፍተኛ ዙር ነዋ። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ታዲያ!

ሞተሩ እየሰራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ መሞከር የሚሉትን ነገር ግን ተዉት፣ ሬክቲፋየሩን (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን ዕቃ) ሊያቃጥለው ይችላል።

አንባቢያችሁ