እማዬ፣ ስትመጪ ማማሰያውን ለአማችሽ ተይለት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ትንሿ ጥርስ እያወጣች ነው፣ ሌሊት ትነጫነጫለች። ትልቁ ደግሞ "እማማ መቼ ነው የምትመጣው?" እያለ ያደርቀኛል።

በስልክ ብንነጋገር ይቀለኝ ነበር። ግን ገና ስንጀምር አንዱ ልጅ ያለቅሳል፣ ወይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ከዚያ "በይ ልጅሽን አንሺ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው እዚህ ሰንብተሽ ስትሄጂ ሁለት ነገር ሆድሽ ውስጥ ይዘሽ እንደሄድሽ አውቃለሁ። አንዱ ተምሬ ቤት መዋሌ ነው። ሌላው አማችሽን ወጥ ቤት ውስጥ ማየትሽ። ሁለቱም አንድ ነገር ስለሆኑ አብሬ ልንገርሽ።

ሥራ የለቀቅኩት ሰልችቶኝ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለእናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ሐኪሞቹ ደግሞ ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት ሌላ ምንም፣ ውሃም ቢሆን አይቅመስ ይላሉ። 90ው ቀን ሲያልቅ ትንሿ ገና ከጡቴ አልወረደችም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ወተት የማልብበት፣ በሩ የሚዘጋ አንድ ክፍል አልነበረም። ለጥቂት ጊዜ ግማሽ ቀን ልግባ ብላቸው እምቢ አሉኝ። አዋጁ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። በ3 ቀን ምን ይሠራል? የአራሷ ገንፎ ሳይበርድ እሱ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

አሁን ቤት ነኝ፤ ሥራ ግን አልፈታሁም። እጽፋለሁ። ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ አራስነት። ሰዎች በስልካቸው ያነቡታል፣ የሚከፈለኝም አለ። ብዙ አይደለም። የትንሿን ዳይፐርና የትልቁን የትምህርት ቤት ሰርቪስ ግን ይሸፍናል። "ስልክ ስትነካኪ ዋልሽ" ያልሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? እየጻፍኩ ነበር እማዬ። ትንሿ እቅፌ ውስጥ ስለተኛች ኮምፒውተሩን መክፈት አልቻልኩም፣ ለዚያ ነው በስልክ የጻፍኩት።

አንቺ በርበሬ እያስፈጨሽ እየሸጥሽ አምስት ልጅ አሳድገሻል። ይህን ስትነግሪኝ ሁልጊዜ እኮራብሻለሁ። ግን አንድ ነገር ትዘያለሽ። ብቻሽን አልነበርሽም። ሰኞ ገበያ ስትወጪ እኔ የታች ጎረቤታችን ጀርባ ላይ ነበርኩ። እሷ ለቅሶ ስትሄድ ልጆቿ እኛ ቤት በልተው ይተኙ ነበር። አራስ ስትሆኚ አጥሚቱን የሚያማስለው፣ ጨርቁን የሚያጥበው ሰው ተራ ይዞ ነበር የሚገባው። የእኛ ጎረቤቶች ጥሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ኮንዶሚኒየም ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ቆልፎ ይወጣል። ቀን በየበሩ ብታንኳኪ የምታገኚው የሰው ሞግዚት ነው። ተመላላሽ ሠራተኛችንም የምትመጣው ለግማሽ ቀን፣ ያውም በየቀኑ አይደለም። አንቺ ዘንድ ጎረቤት ይሸከመው የነበረውን ሥራ እዚህ እኔና አማችሽ ካልተከፋፈልነው የሚያነሳው ሰው የለም።

እሁድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ ብለን የሳምንቱን እንጽፋለን። ማን ልጅ ይቀበላል፣ ማን ያጥባል፣ እኔ መቼ እጽፋለሁ። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፣ አይተሽዋል። ልብስ የሚታጠበው የውሃ ፈረቃችን በሚደርስበት ሌሊት ነው። እንጀራ የምጋግረው ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲሰካ መብራቱ ይደክምና እንጀራው ዓይን አያወጣም። በሌላው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የጽሑፍ ሰዓቴ ነው። ያን ሰዓት ትንሿ ብታለቅስ የሚነሳው አባቷ ነው፤ ጡት ካልፈለገች በቀር እኔን አይጠራኝም።

ቁሌቱ ደግሞ የአማችሽ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ኪሎ ሽንኩርት ይከትፋል። እንዳንቺ አድርጎ፣ ደቃቅ። መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው ድስቱ ላይ የሚያደርገው። እሳቱን ቀንሶ ውሃውን እስኪጨርስ ቆሞ ያማስላል። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ያንቺ በርበሬ። እንዳያርበት ሙቅ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርግበታል። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ይጨምርና በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው አያወጣውም። ሲበርድ በትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ ፍሪዘር ይገባል። ቅቤ ሆን ብለን አናደርግበትም። በዘይት ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ለእኛ ምስር ወጥ ይሆናል፣ በፍስኩ ቀን ቅቤ ጣል ይደረግበትና የሥጋ ወጥ ይሆናል። ትልቁ 7 ዓመት ስላልሞላው አይጾምም፤ ለእሱ እንቁላል ይሰበርበታል። አንድ ቁሌት ሳምንቱን ሙሉ ይዞን ይሄዳል። እኔ ማታ ማታ ድስት ፊት የምቆመው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። የተረፈው ሰዓት ለልጆቹ ነው፣ ከእነሱ የተረፈው ለጽሑፌ።

አንቺ ግን ማማሰያውን ከእጁ ቀማሽው። "ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?" አልሽ። እሱ ስለሚያከብርሽ ዝም ብሎ ወጣ። እኔም ዝም አልኩ። እማዬ፣ ያን ሰሞን አንድም ነገር መጻፍ አልቻልኩም። ጉልበትሽ እያመመሽ ምድጃ ፊት ቆመሽ እኔ ቁጭ ብዬ መጻፍ እንዴት ይሆንልኛል? አብሬሽ ቆምኩ። ለጽሑፉ የተሰጠኝ ቀን አለፈ። አማችሽም አንቺ ከሄድሽ በኋላ እንኳ ለጊዜው ወጥ ቤት ሲገባ ይሳቀቅ ነበር። አሁን ተመልሷል። ትልቁም አባቱን እያየ ወንበር ላይ ቆሞ ቲማቲም ያጥባል። ውሃው ወለሉ ላይ ይፈሳል፣ ግን ደስ ይለኛል። እሱም ነገ ቤት ይኖረዋል፣ ሚስት ትኖረዋለች።

ይደክመኛል፣ አልዋሽሽም። ልጅ ሲታመም ወረቀቱም ቁሌቱም ጽሑፉም ይቆማል። ግን ስለ አራስነት ድብርት የጻፍኩ ጊዜ ብዙ እናቶች "እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር" ብለው መለሱልኝ። እነዚያን ሴቶች ትቼ መተኛት አልቻልኩም። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ልጆቼን ስለምወድ ልተወው የሚገባኝም አይመስለኝም።

አሁን ልለምንሽ። ፍልሰታን እዚያው ደብርሽ ጹሚ። ከፈታሽ በኋላ ነይና እንቁጣጣሽን አብረን እናሳልፍ። በአውቶቡስ አይሆንም፤ ከደሴ እዚህ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጉልበትሽ አይችለውም። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ትመጫለሽ። ቲኬቱን እኔ ነኝ የምቆርጠው፣ ከጽሑፌ ባገኘሁት ብር። አይሆንም እንዳትዪኝ።

ስትመጪ ወጥ ቤቱን ለአማችሽ ተይለት። አንቺ ሶፋው ላይ እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪና አውሪኝ። እኔን ስትወልጂ ማን አረሰሽ? በስንተኛው ሳምንት ገበያ ወጣሽ? ጡትሽ ሲሞላ ገበያ መሃል ምን ታደርጊ ነበር? ከፈቀድሽልኝ እጽፈዋለሁ። ካልፈቀድሽም ለራሴ እሰማዋለሁ።

በርበሬያችን እያለቀ ነው። ሁለት ኪሎ ብቻ ያዢልን፣ አታብዢው፤ ሻንጣውን አንቺ እንዳታነሺው። ኤርፖርት አማችሽ ይቀበልሻል።

ልጆቹ እጅሽን ይስማሉ።

የምትወድሽ ልጅሽ
ከአዲስ አበባ