ግልጽ ደብዳቤ ለብሪታንያ የባህል ሚኒስትር፦ መሸጥ ተችሎ መመለስ ለምን አቃተ?

የተከበሩ ሚኒስትር፣

በብሪቲሽ ሙዚየም የተያዙ የተዘረፉ ቅርሶች እንዲመለሱ በግል መጻፍ እንደማያዋጣ ገብቶኛል። ስሙን የማልጠራው አንድ ተቋም «አስተያየትዎን ተቀብለናል፤ ሕጉ ግን አይፈቅድም» ብሎ ሸኝቶኛል። እንግዲያው በአደባባይ ይሁን።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በ1963 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የብሪቲሽ ሙዚየም አዋጅ ከስብስቡ ዕቃ ማውጣትን ይከለክላል። «ትርፍ ቅጂ» ከሆነ ግን ይፈቅዳል። ሙዚየሙም ከአዋጁም በፊት ጀምሮ በዚች «ትርፍ» በምትባል ሰበብ ከ1950 እስከ 1972 ድረስ 30 ያህል የቤኒን ነሐሶችን፣ ማለትም በዛሬዋ ናይጄሪያ ከነበረው የቤኒን መንግሥት የተወሰዱ ቅርጽ ያላቸው የነሐስ ሰሌዳዎችን፣ ሸጧል፣ ለውጧል። ከገዢዎቹ አንዷ ማን መሰለችዎት? ራሷ ናይጄሪያ! ወታደሮቻችሁ በ1897 ቤኒን ከተማን ወርረው፣ ንጉሡን ኦባ ኦቮንራምዌንን ወደ ካላባር አግዘው፣ ከቤተ መንግሥቱ የዘረፉትን ለባለቤቱ በገንዘብ! የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ አሉ።

ደግሞ ትርፍ አልነበሩም። ጥንድ ሆነው የቤተ መንግሥቱን ምሰሶ እንዲያስጌጡ የተሠሩ ናቸው። እስቲ ሙዚየሙ ምድር ቤት ወዳለው የአፍሪካ ክፍል ይውረዱና የቀሩትን ጠጋ ብለው ይዩአቸው። ጠርዛቸው ላይ የሚስማር ቀዳዳ አለ፤ ምሰሶው ላይ ሲቸነከሩ የተበሱበት ነው። ያ ቀዳዳ ከየት እንደመጡ ለማስረዳት ከማንም ጠበቃ ይበልጣል።

«ለዓለም ሕዝብ እንዲታዩ ነው» የሚባለውንስ ምን ልበለው? ሙዚየሙ ካሉት 900 በላይ የቤኒን ቅርሶች ለእይታ የቀረቡት 100 ያህሉ ናቸው። የኛዎቹ ደግሞ አሉ። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉትን ጨምሮ 11 ታቦታት እዚያው ተቆልፎባቸዋል። እነሱንማ የዓለም ሕዝብ ቀርቶ የሙዚየሙ ሠራተኛም አያያቸውም። ታዲያ የተቀመጡት ለማን ነው?

ጀርመን በ2022 መመለስ ጀምራለች። እዚያው ለንደን ያለው ሆርኒማን ሙዚየም በዚያው ዓመት የ72 ቅርሶችን ባለቤትነት ለናይጄሪያ አስተላልፏል። ሰማይ አልተደፋም።

ሕግ አይነካም እንዳይሉኝ። ፓርላማችሁ በ2009 ብሔራዊ ሙዚየሞች በናዚ ዘመን የተነጠቁ ቅርሶችን እንዲመልሱ የሚያስችል ሕግ አውጥቷል። ጥሩ አደረገ። ሌላው የዘረፈው ሲሆን ሕጉ ይላላል፣ እናንተ የዘረፋችሁት ሲሆን ይጠብቃል ማለት ነው?

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የ1963ቱን አዋጅ የሚያሻሽል ረቂቅ ለፓርላማ የሚቀርብበትን ቀን ይጻፉልኝ። «አስተያየትዎን ተቀብለናል» የሚለው ደብዳቤ አለኝ፤ ሌላ አይላኩልኝ።