የቤተ እስራኤል ጥያቄ የሃይማኖት ሕግ ብቻ አልነበረም

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ቤተ እስራኤል በጋዜጣችሁ የወጣው ጽሑፍ፣ በእስራኤል ስለ አይሁድነታቸው የገጠማቸው ክርክር ከሃይማኖት ሕግ የመነጨ እንጂ ከዘር ጋር የሚያያዝ አይደለም ስለሚል ይህን አስተያየት ልኬአለሁ።

የሃይማኖት ሕጉ መልስ አላጣም ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የኖሩት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ መሆናቸውን ጽፈዋል፤ በእስራኤል ዋናው የሰፋርዲም (የስፔንና የምሥራቅ አገሮች አይሁድ) ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍም ይህንኑ ተመርኩዘው በ1973 እ.ኤ.አ. አይሁድነታቸውን አረጋገጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የእስራኤል መንግሥት አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው ዜግነት እንዲያገኙ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እንዲመለከታቸው ወሰነ። ሆኖም በሱዳን በረሃ ወላጅና ልጅ ቀብረው በ1984 እና በ1985 የደረሱት ሰዎች ለጋብቻ ሲቀርቡ፣ በአይሁድነታቸው ላይ ያለው ጥርጣሬ እንዲወገድ በሚል ምክንያት ውኃ ውስጥ ጠልቀው ሃይማኖቱን እንደ አዲስ እንዲቀበሉ ተጠየቁ። ሃይማኖታቸውን አንለቅም በማለታቸው ርስት ተነፍገው፣ ቡዳ እየተባሉ ለኖሩ ሰዎች ይህ ምን ያህል እንደሚመር ለጎንደር አንባቢ ማስረዳት አያሻም። በ1985 በኢየሩሳሌም በዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው የተቃወሙትም ስለዚሁ ነው።

በጅምላ የተጠረጠረው ማን እንደሆነ እንመልከት። ከሕንድ የመጡት፣ ቤነ እስራኤል የተባሉት አይሁድም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለጋብቻ የዘር ሐረጋቸው ይመርመር ተብለው፣ በ1964 አደባባይ እስከ መውጣት ደርሰዋል። በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ከገቡት መካከል በሃይማኖቱ ሕግ አይሁድ ያልሆኑ ብዙዎች እንደነበሩ ቢታወቅም፣ ማጣራቱ በየግለሰቡ እንጂ በማኅበረሰቡ ሁሉ ላይ አልወደቀም። ሕጉ አንድ ከሆነ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? በ2018 አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብና መጠጥ) ማረጋገጫ ለማግኘት ሲል፣ አይሁድነታቸው ተጠርጥሮ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ከወይኑ ማራቁ ሲሰማ፣ ድርጊቱን ዘረኝነት ብለው የኮነኑት በወቅቱ ዋና ረቢ የነበሩት ይስሐቅ ዮሴፍ ናቸው። የኦቫዲያ ዮሴፍ ልጅ ናቸውና፣ ሕጉን አያውቁም የሚላቸው አይገኝም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን የደረሰው በቤተ እስራኤል ቄሶች ላይ ይመስለኛል። ኦሪቱን በግእዝ እያነበቡ ማኅበረሰቡን ለዘመናት ያጋቡና ያስታረቁ አባቶች፣ ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች እጅ በሆነበት አገር የልጅ ልጆቻቸውን የማጋባት ሕጋዊ ሥልጣን የላቸውም። የቤተ እስራኤል ዓመታዊ የጾምና የጸሎት በዓል የሆነው ስግድ በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዓሉን ተቀብሎ የበዓሉን ካህን ሥልጣን መንፈግ ሙሉ እውቅና ሊባል አይችልም። በጋዜጣችሁ የወጣው ጽሑፍም ስለ ቄሶቹ ይህን ያህል ሲያወራ አንዱንም አላነጋገረም። ለመጪው ስግድ ዝግጅት ክፍላችሁ በበዓሉ ጃንጥላ ይዘው ከሚታዩት ቄሶች ፎቶግራፍ ጋር የአንዱን ቄስ ቃለ ምልልስ ቢያትም፣ ክርክሩ የሕግ ይሁን የዘር እርሳቸው ከእኔ አብልጠው ይመልሱታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ