ወጡን ቀምሶ የሚፈርደው ለምን ሁልጊዜ ባል ሆነ?

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የምግብ ማስታወቂያዎች ሴትና ወንድን የሚያሳዩበትን መንገድ ይመለከታል

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። ማታ ዜና ስንጠብቅ የሚተላለፉት የዘይት፣ የፓስታና የሽሮ ማስታወቂያዎች ታሪካቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። እናት ታማስላለች፣ ልጆች ጠረጴዛ ከበው ይጠብቃሉ፣ አባት ከሥራ ይገባል፣ ይቀምሳል፣ ፈገግ ይላል፤ ይሄኔ እሷ እፎይ ትላለች። እሷስ ከየት ሥራ እንደገባች የሚነግረን የለም። ስትበላ እንኳ እምብዛም አትታይም። የማልት መጠጥ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ጡንቻና ኳስ ነው። የአልኮል ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከስርጭት ሲወጣ፣ የቢራው ጎረምሳ ሥራ ሳይፈታ ወደ ማልቱ የተዛወረ ይመስለኛል።

ወንድ ምግብ አይሠራም የሚል ካለ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ይምጣ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከሐይቁ የሚያወጣው፣ ቅርፊቱን ገፎ የሚበልተው በአብዛኛው ወንድ ነው። በየሆቴሉ ወጥ ቤትም ወንዶች ሞልተዋል። ደመወዝ ካለው ወንዱም ያበስላል፣ ማንም አያፍርበትም። በአንጻሩ እንሰቱን ፍቃ፣ አብላልታ፣ ቆጮውን ጋግራ ቤተሰብ ያኖረችው የሲዳማ እናት አለች። ቆጮው መቼ እንደሚደርስ ከጠረኑ የምታውቅ ሴት ናት። ይህን የመሰለ እውቀቷ በማስታወቂያ ሲከበር አላየሁም።

በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ከፈረቃ ሲወጡ በጋራ በተከራዩት ክፍል ፓስታ የሚቀቅሉት ለባል ሳይሆን ለራሳቸው ነው። ፓስታውን የሚገዙት እነሱ ሆነው ሳለ ማስታወቂያው አያውቃቸውም። ነጋዴውስ ደንበኛውን አለማወቁ አይከነክነውም?

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አንቀጽ 7 በጾታ ረገድ የሰውን ክብርና እኩልነት የሚነካ ምስልና ንግግር ይከለክላል። እናት ወጥ ስትሠራ መታየቷ ሕግ ይጥሳል አልልም፤ የእኔም እናት ትሠራለች። ቅሬታዬ ወጥ ቤቱ የእሷ ብቻ፣ ፍርዱ የእሱ ብቻ ሆኖ ያለ ማቋረጥ መደገሙ ላይ ነው። «ባህላችን ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አሞራ ገደል ዓሣ የሚበልተው ልጅስ ከየትኛው ባህል መጣ?

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያለውን አሣሣል የሚከለክል ደንብ ሥራ ላይ አዋሉ። መጀመሪያ ከታገዱት አንዱ የፊላደልፊያ አይብ ማስታወቂያ ነበር፤ አባቶች በምግቡ ተዘናግተው ሕፃናቶቻቸውን ምግብ በሚያመላልስ ቀበቶ ላይ ሲረሱ ያሳያል። ወንድን ልጅ መያዝ የማይችል ሞኝ አድርጎ መሳሉም ያው በደል ነው።

የምጠይቃችሁ አንቀጽ 7ን ለምግብ ማስታወቂያ በምሳሌ የሚያብራራ መመሪያ እንድታወጡ ነው። የትኛው ትዕይንት ያልፋል፣ የትኛው አያልፍም የሚለውን ማስታወቂያ ሠሪዎች ከቀረጻ በፊት ይወቁት። ተመልካቹም በስልክ አጭር መልእክት ቅሬታ የሚያቀርብበት ቁጥር ከማስታወቂያው ሥር ቢጻፍ መልካም ነው። የበዓል ሰሞን የዘይትና የቅቤ ማስታወቂያ ከመጉረፉ በፊት ቢደርስ ደግሞ ይመረጣል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሐዋሳ ነዋሪ