ጆንያውን ቀንሰህ አንብበው

ጅማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው ዝናቡ ሲያባራ ይተወኛል ይላል፣ ዝናቡ ደግሞ ይኸው እስካሁን ጣራውን እየደበደበ ነው።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ “እሺ እማ” ትላለህ፣ መስመሩ ይቆረጣል፣ ያልኩትና ያላልኩት ይደባለቃል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እህትህ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። ጽሑፌ አልነበብ ካለህ እሷን ጠይቃት፣ ለምዳዋለች።

ያው የሥራው ጉዳይ ነው። የመውጫ ፈተናውን ካለፍክ ጀምሮ ሲቪ ስትበትን ከርመህ፣ አንድም ሰው ሳይደውልልህ ወራት አልፈው፣ አሁን በአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ ጠሩህ፤ አንዱ አዲስ አበባ ያለው ትልቁ የኦዲት ድርጅት፣ አንዱ እዚሁ ጅማ አምስት ሰው የሚሠራበት የሂሳብ ቢሮ። “አንቺ ምን ትያለሽ?” ብለኸኛል። እልሃለሁ።

ግን መጀመሪያ አንድ ነገር እወቅ። እኔ አንተን ጅማ ነው የምፈልግህ። ጠዋት ቡና ሳፈላ አራተኛውን ሲኒ አሁንም አወጣለሁ፣ ከዛ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ስለዚህ የምጽፍልህን ሁሉ የኔን ናፍቆት ቀንሰህ አንብበው፣ ቡና ጆንያው ተቀንሶ እንደሚመዘን። ጆንያ ያነሳሁት ዝም ብዬ አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

አትቆጣ እንጂ የጅማውን ቢሮ ሄጄ አየሁት። ሄርማታ ዕቃ ልገዛ ወጥቼ እግረ መንገዴን ነው (ውሸት ነው፣ ሆን ብዬ ነው የሄድኩት)። ለሱቃችን ስለ ቫት ልጠይቅ ብዬ ገባሁ። ጥቅምት አይደል፣ ደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሂሳባቸውን እስከ 30 ድረስ ማቅረብ አለባቸው፣ ቢሮው ጢም ብሏል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ተራው ሲደርስ አንድ ጥቁር ፌስታል አወጣና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ደረሰኝ ነው። የተጨማደደ፣ የረጠበ፣ ቀለሙ የጠፋ፣ አንዱ ላይ ዘይት የፈሰሰበት። “በቃ ዓመቱ ይኸው ነው” አላት ለልጅቷ።

ልጅቷ ባንተ ዕድሜ ነች። ምንም አላለችም። በወር በወር መደርደር ጀመረች፣ እጇ እንደ ካርታ ተጫዋች ነው። መሃል ላይ አንዱን አነሳችና “ይሄ የእርስዎ ቲን ቁጥር የለበትም፣ ወጪ አይያዝልዎትም” አለችው። ሰውዬው ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ዕቃውን እኮ እኔ ነኝ የገዛሁት አለ። እሷ ድምጿን ሳትጨምር ደግማ ነገረችው። እኔ እዛው ቁጭ ብዬ ወደድኳት። ወሬውን ወዴት እንደምወስደው ታውቃለህ፣ ግን አሁን እሱን እንተወው።

ተራዬ ሲደርስ ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው አልኳት። ዓመት ከስምንት ወር አለችኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የስንቱን ነጋዴ የወር ቫት ሠርታለች፣ ደሞዝ ሠርታለች፣ ጡረታውን 7 በመቶ ከሠራተኛው 11 በመቶ ከአሠሪው እያለች በቃሏ ትወጣዋለች፣ የአንድ ወፍጮ ቤት የዓመት ሂሳብ ከፌስታሉ ጀምራ እስከ ባላንስ ሺቱ፣ እስከ መጨረሻው የሀብትና ዕዳ ወረቀት፣ ብቻዋን አድርሳለች። ገቢዎች ሄዳም ተከራክራለች። አየህ፣ የትንሽ ቤት ጥቅሙ ይሄ ነው። ሂሳብ ሲወለድም ሲቀበርም ታየዋለህ። ደረሰኙን ያመጣልህን ሰው ፊቱን ታውቀዋለህ፣ ሲዋሽህ አንገቱን እንዴት እንደሚያክ ሁሉ።

ከዛ ጠየቅኳት፤ “የሠራሽውን ማነው የሚያይልሽ?”

“ጋሼ፣ ጊዜ ሲኖራቸው።”

“ጊዜ የሚኖራቸው መቼ ነው?”

ሳቀች። እኔ ግን ያ ሳቅ ቤት ድረስ ተከተለኝ።

አሁን ወደ ጆንያው ልመለስ። ይሄን ላንተ ነግሬህ አላውቅም፣ አባትህም ግማሹን ነው የሚያውቀው።

1990 ዓ.ም. ነው። የሂሳብ ሰርተፍኬቴን ይዤ አንድ የቡና ነጋዴ ቤት ገባሁ። ሂሳብ ክፍል የሚባለው እኔና አንድ ጠረጴዛ ነን። ቡናው በሚዛን ይገባል፣ የሚዛኑ ወረቀት ይመጣልኛል፣ እኔ ካርድ ላይ እመዘግባለሁ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ የላይኛው ከነጆንያው፣ የታችኛው ጆንያው ተቀንሶ። ማንም አላሳየኝም፣ እኔም ማፈር ይዞኝ አልጠየቅኩም፣ የላይኛውን መዘገብኩ። አንድ ቀን ሳይሆን ወራት ሙሉ። የቃጫ ጆንያ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፣ ምን ይጎዳል ትላለህ። 400 ጆንያ ሲሆን 400 ኪሎ ነው። በፈረሱላ 17 ኪሎ ስታካፍለው 23 ተኩል ገደማ ይመጣል። ቡናው ሊጫን ሲመዘን ካርዱ ላይ ያለውና መጋዘን ያለው አልገናኝ አለ። ጎደለ። ማን ይጠየቅ? ስቶር ኪፐሩ። አምስት ልጆች ያሉት ዝምተኛ ሰው ነበር። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ ቁጥሬ ንጹህ ነው፣ ስርዝ ድልዝ የለውም። ሰውየው ተባረረ። ሌባ ተብሎ ነው የወጣው።

በሚቀጥለው ዓመት ሥራ ቀየርኩ። እዛ አንድ ሽማግሌ ዋና ሂሳብ ሹም ነበሩ። ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አይለይም። የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራዬን አመጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፣ አንዱ ቁጥር ተከቦ ከጎኑ “ጆንያው የት ሄደ?” የሚል ተጽፎበታል። አየሁት። ከዛ መላ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ስለዚህኛው ቁጥር አይደለም፣ ስለዛኛው ሰውዬ ነው። ያን ዕለት ማታ ወደ ድሮው አሠሪዬ ሄጄ ነገርኩት። “አልፏል እኮ” አለኝ። ስቶር ኪፐሩ አጋሮ ገብቷል አሉኝ። ሁለት ጊዜ አጋሮ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ሳልጠይቅ ተመልሻለሁ።

ስለዚህ እኔ ትልቅ ነው ትንሽ ነው የሚለው ብዙም አያስጨንቀኝም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ስህተትህን ሌላ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያገኝልህ ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። ያለጥርጥር ትሳሳታለህ። የኔ ልጅ ስለሆንክ ደግሞ ጽሑፍህ ንጹህ ነው፣ ስህተትህ ያምራል።

የትልቁን ቤት ነገር ከጎረቤታችን ልጅ ጠየቅኩ፣ እንደዛ ያለ ቦታ ሦስት ዓመት ሠርታ ነው የወጣችው። ደስ የማይለውን ነው አስቀድማ የነገረችኝ። የመጀመሪያውን ዓመት የአንድ ባንክ ቋሚ ንብረት ተሰጥቷት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዞረች ወንበርና ኮምፒውተር ቁጥሩን እያየች ስትቆጥር ከረመች። ባንኩ ምን እንደሚሠራ፣ ትርፉ ከየት እንደሚመጣ፣ ጠቅላላው ሂሳብ ምን እንደሚመስል አላየችም። ዝሆኑን ሳያዩ ጅራቱን ይዞ መዋል ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቅልፍ የለም። ግን የሠራችው ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ ሲኒየሩ ያየዋል፣ ከዛ ማናጀሩ፣ ከዛ ፓርትነሩ፣ የቤቱ ባለድርሻ። አንድ ጊዜ ፋይሏ 31 ጥያቄ ተጽፎበት ተመለሰላት። መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። “እትዬ፣ ያኔ ያለቀስኩበትን ነው ዛሬ የምበላው” አለችኝ።

ሌላው ያ ኤሲሲኤ የምትለው፣ የእንግሊዞቹ የሂሳብ ባለሙያነት ማዕረግ ነው። ራስህ እንደነገርከኝ 13 ፈተና ነው፣ በዲግሪ እስከ 9 ድረስ ነጻ ሊሆንልህ ይችላል፣ በዛ ላይ የ36 ወር የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ያን ልምድ ደግሞ ብቁ የሆነ የሂሳብ ባለሙያ አይቶ መፈረም አለበት። እንግዲህ ጅማ ያለው ቢሮ ውስጥ የሚፈርምልህ አለ? ባለቤቱ ይፈርም ይሆናል፣ ላይፈርምም ይችላል፣ እሱን ሳትጠይቅ እንዳትገባ። ክፍያው በፓውንድ ነው ብለኸኛል። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የሆነውን እኔ ሱቅ ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ፣ የአባትህ ጡረታ ለአንድ ፈተና አይበቃም። ትልቁ ቤት የፈተና የሚከፍል ከሆነ እሱን እንደ ደሞዝ ቁጠረው። ደሞዙ ራሱ የትልቁ ይሻላል፣ የቤት ኪራዩ ይበላዋል፣ ስለዚህ እሱን አቻችለነዋል። አክስትህም ጀሞ ያለው ቤቷ ጠባብ ነው፣ አትናገርም እንጂ።

ደግሞ ስለ ሁለት መዝገብ። አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለገቢዎች። እንደዛ የሚል ደንበኛ ይመጣል፣ ይምጣ አይምጣ ብለህ አትጠራጠር። አምስት ሰው ያለበት ቢሮ አንድ ትልቅ ደንበኛ ከሄደበት የወሩን ኪራይ ከየት ያመጣል? አለቃህ ጥሩ ሰው ቢሆንም እጁ ይታሰራል። ያን ቀን አንተ ምን ትላለህ? ትልቁ ቤትስ ከዚህ ነጻ ነው ወይ ካልከኝ፣ ኦዲቲንግ ስታጠና አንተው አይደለህ ጮክ ብለህ ያነበብክልኝ፤ አርተር አንደርሰን የሚባለው፣ ከዓለም አምስቱ ትልልቅ የኦዲት ድርጅቶች አንዱ የነበረው፣ ከ80 ሺህ በላይ ሠራተኛ ይዞ፣ ሂሳቡን ይመረምርለት በነበረው ኤንሮን በሚባል የአሜሪካ ድርጅት ጉዳይ በፈረንጆች 2002 ላይ እንደ ጭቃ ቤት ፈረሰ። እነዛ ሁሉ ፈራሚዎች እያሉ ነው እንግዲህ። ትልቅ ቤት ውስጥ ያለኸው ታች ስለሆነ ማንም አይጠይቅህም፣ ጥሩነቱም መጥፎነቱም እሱ ነው።

እና ምን ትያለሽ ካልከኝ፣ ትልቁ ጋ ግባ። ሦስት ዓመት። ወንበር ቁጠር። ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ከባንክ ሌላ፣ ፋብሪካም ይሁን አስመጪ፣ ስጡኝ ብለህ ጠይቅ፤ ዝም ካልክ ወንበሩን እየቆጠርክ ይረሱሃል። 36 ወርህን አስፈርመህ ጨርስ። ከዛ ጅማ ብትመለስ፣ እዚህ በፌስታል ዓመቱን የሚያመጣ ሰው አያልቅም፣ ቡናም አያልቅም።

ይሄን ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለጅማው ሰውዬ ራስህ ደውልለት። እንዲህ በለው፤ ጋሼ፣ የምሠራውን በሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብለው ያዩልኛል ወይ? የትኛው ቀን? ቀኑን ከነገረህ፣ ቅዳሜ ጠዋት ምናምን ካለህ፣ እንደገና እናውራ፤ እኔም በደስታ ሲኒውን አውጥቼ እጠብቅሃለሁ። “ኧረ ምን ችግር አለ፣ አብረን ነን” ካለህ ግን መልሱን ሰጥቶሃል።

ሐሙስ መልስ ይፈልጋሉ ብለሃል። ሳትፈርም ውሉን ለአባትህ ላክለት፣ ምንም አይገባውም ግን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

በነገው የጠዋት አውቶብስ ማር ልኬልሃለሁ። አባትህ ከአጎትህ ቀፎ ያመጣው ነው። ረዳቱን አውቀዋለሁ፣ ቶሎ ሄደህ ተቀበለው። ለአክስትህ 5 ኪሎ ነው ብለህ እንዳትሰጣት። የመዘንኩት ከነጀሪካኑ ነው።

እናትህ